በሟች ስም ያለ ቤት

ፍሬሕይወት የመጨረሻውን ጆንያ አፍ በሲባጎ አስራ ለጫኚዎቹ አመለከተቻቸው። ሁለቱ ሰዎች ጆንያውን አንሥተው ግቢው ውስጥ ወደቆመው አይሱዙ ወረወሩት፤ አቧራው ተነሥቶ እሷኑ አስነጠሳት። ነሐሴ ነው። ግቢው በዝናብ ጨቅይቷል፤ የመዝገብ ቤቱ አቧራ ግን ዝናብ የሚባል ነገር አያውቅም። ክረምቱን ሙሉ በዚያ ጠባብ ክፍል የድሮ ማኅደር ስታገላብጥ ከርማ ዛሬ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ስታየው ደስ አላት።

ጽሕፈት ቤቱ የሐረር ጀጎል ቤቶችን ማኅደር የሚይዝ ነው። መዝገብ ቤቱ ከመጨናነቁ የተነሣ በሩ እኩሌታውን እንኳ አልከፈት ካለ ቆይቷል። ኮምፒውተር ሊገባ ነው ተባለና የማቆያ ጊዜያቸው ያለፈ ማኅደሮች ተለይተው እንዲወገዱ ታዘዘ። የመለየቱ ሥራ የደረሰው ከደብረ ብርሃን ተመድባ ለመጣችው ለፍሬሕይወት ነው። እሷ ትለያለች፣ ኮሚቴው ይፈርማል፣ ወረቀቱ በድሬ ጠያራ መንገድ ወዳለ ገላጣ ቦታ ተወስዶ ይቃጠላል። ኃላፊዋ አቶ ሄኖክ ደግሞ መዝገብ ቤቱ በጸዳ ቀን የዝውውር ደብዳቤዋን እንደሚፈርሙላት ቃል ገብተዋል። ደብረ ብርሃን ከእናቷ ጋር የምትኖር ልጅ አለቻት፤ አያቷን "እማዬ"፣ እሷን በስልክ "ፍሬ" ማለት የጀመረች። ፍሬሕይወት ይህን ለሰው አታወራም እንጂ ከምንም በላይ ያማታል።

አዴ ናፊያ ደረቅ ደረቁን እየመረጡ ሲመጡ ሹፌሩ ሸራውን ማልበስ ጀምሯል። ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚሸጡ፣ በዕድሜ የገፉ የጀጎል ሴት ናቸው። ፍሬሕይወት ወንበር አቀረበችላቸው፤ እሳቸው ግን ቆመው ተረኩላት። ዝናቡ በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳቸውን ጥሎታል። ጀጎል ውስጥ ደግሞ ያለ ፈቃድ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አይቀመጥም፤ ፈቃድ ሰጪዎቹም የቤቱን ማኅደር ግልባጭ አምጡ ብለዋቸዋል። ዛሬ ነገ ከተባለ ጣሪያውም መከተሉ ነው።

"በማን ስም ነው?" አለቻቸው።

"በባባ ስም ነዋ። በአያቴ።"

"እሳቸው አሉ?"

አዴ ናፊያ ሳቅ አሉ። "መርሁም ናቸው እንጂ ልጄ። እኔ ሳልዳር ነው የሞቱት፣ አላህ ይማራቸው።"

ፍሬሕይወት ቀረብ አለቻቸው። "ታዲያ ስሙን እስከ ዛሬ ለምን አላዞራችሁትም?"

"ምን ሆነን እናዞራለን? ስሙ ይዙር ያልን ዕለት አንዱ ድርሻዬን ይላል፣ ሌላው በሬን ልክፈት ይላል። በባባ ስም እስካለ ድረስ ማንም ግድግዳ አያነሳም። ሁላችንም እሳቸው ቤት ነው ያለነው።"

"የጎረቤቶቻችሁስ?"

"ወላሂ፣ የኛ መንገድ አብዛኛው እንደዚሁ ነው። አባትን ከቤቱ የሚያወጣ ማን አለ?"

ፍሬሕይወት ባደገችበት አገር አባት ሲሞት ልጆች አርባውን በሥርዓት ያወጣሉ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት ቆመው ስም ያዛውራሉ፤ የተኳረፉት ደግሞ አርባውንም አይጠብቁም። መመሪያው የተዘጉ ማኅደሮች ይወገዱ ሲል እሷ የገባት በዚያ ልማድ ነው። ባለቤቱ ሞቷል፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ወረቀት አላስገባም፣ ስለዚህ ነገሩ አልቋል። ማንንም አልጠየቀችም። ምኑ ይጠየቃል? ሟች የሚል ባየች ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ እያሰመረች ወደ ጆንያው ከታለች፤ በፍጥነቷም ተመስግናለች። አሁን መኪናውን ቀና ብላ ስታየው እፍረቱ ፊቷን አቃጠላት። ሰው ያለባቸውን ቤቶች ነበር ለቅማ የጫነችው።

ሹፌሩን ትንሽ እንዲጠብቅ ለምና መኪናው ላይ ወጣች። ጆንያዎቹን በየመንገዱ ስለለየቻቸው የአዴ ናፊያን አያት ማኅደር ለማግኘት ብዙ አልደከመችም። አዴ ናፊያ ቡኒውን አቃፊ በሁለት እጃቸው ተቀብለው የአያታቸውን ስም ዳሰሱት። ከሥሩ የተሰመረውን ቀይ መስመር አዩ፣ ምንነቱን ግን አልጠየቁም። አላህ እንዲያከብራት፣ ለልጅዋም እንዲያደርሳት መረቋት። ልጅ እንዳላት የነገረቻቸው ያለፈው ዓመት ቅመም ስትገዛ ነው፤ አልረሱትም። ያ ምርቃት ከስድብ በላይ ከበዳት።

አቶ ሄኖክ የማስወገጃውን ቃለ ጉባኤ ይዘው ወጡ። እሳቸውና ኦዲተሩ ፈርመዋል፤ የቀረው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው። ነገሩን ስትነግራቸው እስከ መጨረሻው ሰሟት። ክፉ ሰው አይደሉም። ወዲያው ያሰቡት ስለ ሥራው ቢሆንም ስለ እሷም ነው።

"የሳቸውን አግኝተሻል አይደል? ግልባጩን አንሥተሽ ስጫቸው። የቀረው ይሂድ።"

"የቀረውም እንደሳቸው ነው አቶ ሄኖክ። ቤቶቹ ውስጥ ሰው አለ።"

"ስንት ዓመት ሙሉ ማን መጥቶ ጠየቀ?"

"ያልጠየቁት እኮ እኛ ጋ ስላለ ነው። ይጠብቁልናል ብለው ነው።"

አቶ ሄኖክ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ኮሚቴው ማጽደቁን፣ መኪናው በስንት ልመና መገኘቱን፣ ሁሉም ነገር እንደገና ይለይ ከተባለ በየመንገዱ ሽማግሌ ማነጋገር እንደሚጠይቅ ዘረዘሩላት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እኔ ጠላትሽ አይደለሁም። ግን ይህ ክፍል ሳይጸዳ ልልቀቃት ብል የበላይ አካል አይሰማኝም። ከሄድሽ ማን ይለየዋል? የዘንድሮን ዝውውር እርሺው። ልጅሽን አስቢ።"

አሰበቻት። ሌላ ምን ስታስብ ከርማለች? ብዕሩን ተቀብላ ብትፈርም በመስከረም ልጇን እጇን ይዛ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ጭሱ ድሬ ጠያራ ላይ ይቀራል፤ የአዴ ናፊያ ጎረቤቶች ግድግዳቸው ወድቆ ሲመጡ ማኅደሩ የለም የሚላቸው ሌላ ሠራተኛ ነው። እሷን ማንም አያስታውሳትም። ይህ ሁሉ እውነት ስለነበረ ብዕሩን ተቀበለች፤ እጇ ላይም ትንሽ ቆየ።

"የለየሁት እኔ ነኝ። ኮሚቴውን ያሳሳትኩትም እኔ ነኝ" አለች። ፊርማዋ በሚያርፍበት ቦታ ላይ "የለየሁበት መንገድ ስሕተት ስለሆነ አይወገድ" ብላ ጻፈችና ወረቀቱን መለሰችላቸው።

አቶ ሄኖክ አነበቡት፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። ጫኚዎቹ ጆንያውን አውርዱ ሲባሉ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የመንግሥት ሥራ መጫንና ማውረድ ነው ብሎ አንዱ አላገጠ፤ ሌላው ሸራውን መግፈፍ ጀመረ።

ፍሬሕይወት አዴ ናፊያን ወደ ፎቶ ኮፒው ክፍል መርታ በሩ ላይ ቆመችና ስልኳን አወጣች። ሐኪም ጋራ በሚባለው ሰፈር ክፍል ያከራየቻት ዘይነባ፣ ፍሬሕይወት በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ ስላለቻት ክፍሉን ለሌላ ሰው ልታሳይ ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ፍሬሕይወት እስከ ዛሬ አንድ ምስማር እንኳ አልመታችም።

"ዘይነባ፣ ክፍሉን ለማንም እንዳትሰጪብኝ" አለቻት። "በመስኮቱ በኩል አንድ ትንሽ አልጋ ይገባል አይደል? ልጄን ላመጣት ነው።"