የጀይሉ ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ

ልጄ ኢያኤል ለገና ከሐዋሳ ስትመጣ ለእናቷ ይዛ የመጣችው ስጦታ እኔን ሊቀብረኝ ነው።

«እማዬ፣ ያ ሁሌ የምታወሪው የገና ሙዚቃዊ ፊልም! እንደ አዲስ ታድሶ በዲስክ ወጥቷል። ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ አለው» አለቻት።

የአማርኛ ጽሑፍ! የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሃያ አራት ዓመት ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ጀይሉ ቪዲዮ ቤት ነበረው፤ እኔ ደግሞ ተርጓሚው ነበርኩ። ዱላ ይዤ ከቴሌቪዥኑ ጎን እቆምና ፈረንጆቹ የሚሉትን ለተመልካቹ አስረዳለሁ። እንግሊዝኛዬ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ያልገባኝን ከራሴ እሞላለሁ፤ ያልገባኝ ደግሞ ብዙ ነበር። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

ዘርፈሽ ያኔ ከላንቴ ሙዝ እያመጣች መናኸሪያው በር ላይ ትሸጥ ነበር። እጮኛዋ ኦይታ ሥራ ፍለጋ ሞያሌ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። እሷ እሱን ትጠብቃለች፣ እኔ እሷን እጠብቃለሁ።

በገና ማግስት ያን ፊልም ልታይ ገባች። አንዲት ዘፋኝ ጦር ሜዳ የሄደ ፍቅረኛዋን ትጠብቃለች፤ በየገናው በረዶ ላይ ወጥታ ትዘፍናለች። መጨረሻ ላይ ካፖርት የለበሰ ወታደር እየዘፈነ ይገባል። እንኳን እኔ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፤ ፍቅረኛዋ ራሱ ነው። ዘርፈሽን አየኋት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ቅናት አንገበገበኝ። ዱላዬን አነሳሁና «ይህ የሟች ወንድም ነው። ወንድሜ ሞቷል፣ አትጠብቂው ነው የሚላት» አልኩ። ሁለቱ ሲሳሳሙ ቤቱ ተንጫጫ። «ፈረንጅ አገር ለቅሶ ደራሽን የሚቀበሉት እንዲህ ነው» ብዬ አለፍኩት።

በወሩ ሽማግሌ ላክሁ፤ እሺ አለች። እስከ ዛሬ ለሰው ስታወራ «ያ ፊልም ነው ዓይኔን የገለጠልኝ» ትላለች።

ምሳ እንደተበላ ኢያኤል ዲስኩን ከተተች። መቀመጥ አቃተኝ። በዓል በመጣ ቁጥር የሚጠፋው መብራት ዛሬ ምን ነካው? ወጣሁ። ቆጣሪው ጋ ሄጄ እጄ ማጥፊያው ላይ ደርሶ ተመለሰ። ገባሁ። ውኃ ጠጣሁ። ደግሞ ወጣሁ።

«ገነነ፣ ምን ያቁነጠንጥሃል? ተቀመጥ እንጂ» አለችኝ ዘርፈሽ።

ተቀመጥኩ። በረዶው ዘነበ፣ ሴትዮዋ ዘፈነች፣ ካፖርት የለበሰው ሰውዬ ገባ። ጽሑፉ ከሥሩ ብቅ አለ፦ «ስለጠበቅሽኝ ተመለስኩ።»

«እስቲ ያን ቦታ መልሺልኝ» አለቻት ልጇን።

መለሰችላት።

«እንደገና።»

በሦስተኛው ዞራ አየችኝ።

«ወንድሙ አይደለም።»

«አይደለም።»

«ያኔ እውነቱን ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ ኦይታን እጠብቀው ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «ለዚያ ነው ወታደሩን የገደልኩት።»

ኢያኤል በሳቅ ፈረሰች፤ የአባቷ ቀልድ መስሏታል። ዘርፈሽ አልሳቀችም።