ሳይነኩ ያረጁት ኮምፒውተሮች

በዚያ ምሽት እራት ቀርቦልኝ አልበላሁም። በማግስቱ ጠዋት የትምህርት ቤታችን የንብረት ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ እኔም አባል ነኝና፣ በዕቃ ግምጃ ቤቱ ያሉት ኮምፒውተሮች በሙሉ “አገልግሎት የማይሰጡ” ተብለው በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ እንዲወገዱ እጄን ማውጣት ይጠበቅብኛል። ኮምፒውተሮቹ ከባሕር ማዶ በእርዳታ የመጡ፣ ዕድሜ የጠገቡ፣ ፕሮሰሰራቸውም ከለመድነው ዘር ውጭ የሆነ እንግዳ ፍጥረቶች ናቸው። በመጡ ጊዜ ከከተማ የተጠራው ቴክኒሻን ሁሉም ሰው የሚያውቀውን፣ ኮምፒውተር የሚያስነሳው ሥርዓተ ክወና ያለበትን ሲዲ ከተተባቸው፤ አልቀበል አሉት፤ “ሞተዋል” ብሎ አበሉን ተቀብሎ ሄደ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ሽታሁንም ሙታኑን ዳንቴል አልብሰው፣ በሩን በሁለት ቁልፍ ከረቸሙት።

እኔ የኮምፒውተር መምህር ነኝ፤ የማስተምረው ግን በጠመኔ ነው። ማውሱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ፤ ተማሪዎቼም ደብተራቸው ላይ ይሥላሉ። በቀደም እናኑ የምትባል ተማሪዬ እጇን አውጥታ “መምህር፣ ማውሱ ሲይዙት ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል?” ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔን ግን እንባ ተናነቀኝ። ምክንያቱም መድኃኒቱን አውቀው ነበር። ለእንዲህ ዓይነቶቹ እንግዳ ማሽኖች የሚስማማ፣ አሠራሩ ለሁሉም የተገለጠ፣ ማንም አንብቦ ሊያርመውና በነጻ ሊያባዛው የሚችል ሊኑክስ የተባለ ሥርዓተ ክወና አለ፤ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ይዤዋለሁ። ነገር ግን “አንዱን ልክፈትና ልሞክር” ባልኩ ቁጥር አቶ ሽታሁን “ቢበላሽ ማን ይጠየቃል?” ይሉኛል። ይህች ጥያቄ በአገራችን ስንቱን በር እንደዘጋች እያሰብኩ፣ ንድድ ብሎኝ አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ፤ እንቅልፍም ሳላስበው ይዞኝ ሄደ።

እነሆ፣ በሕልሜ ዳርቻው በማይታይ ሜዳ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ በነጠላቸው ጫፍ ካቻቢቴ የቋጠሩ አንዲት ረጅም ሴት ወደ እኔ መጡ።

“ይታይሽ እባላለሁ” አሉኝ። “መምህር አንለይ፣ ንዴትህ ከሩቅ አስጠራኝ። ተከተለኝ፤ የማሳይህ አለ።”

መጀመሪያ ያስገቡኝ አገር ሁሉ ነገሯ የተሸፈነ ነበር። ወፍጮው ሸራ ለብሷል፤ ሴቶች አጠገቡ ተንበርክከው በድንጋይ ይፈጫሉ። አምቡላንሱ ቀለሙ እንዳይለቅ በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ታማሚው በፊቱ በቃሬዛ ያልፋል። ሰዎቹ ምንም ነገር እንዳይነኩ እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው ይሄዳሉ፤ ባንገታቸው ያንጠለጠሉት የቁልፍ ዘለላ ብቻ ሲራመዱ ይንቃጨላል። አደባባዩ ላይ ደግሞ አንድ ጎልማሳ በሕዝብ ተከቦ፣ “ማን አበላሸው?” እየተባለ ይጮህበታል።

“ይህ ሰው ምን አጠፋ?” ብዬ ጠየቅኩ።

“የውሃውን ፓምፕ ነካ።”

“ፓምፑ ከዚያ በፊት ይሠራ ነበር?”

“ሠርቶ አያውቅም።”

“ታዲያ ምኑን አበላሸው?”

ወይዘሮ ይታይሽ ሐዘን በተሞላ ዓይን አዩኝ። “እዚህ አገር የሚጠየቀው የነካ ነው፣ ልጄ። አንተስ ባለመንካቱ የተቀጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ?”

አላየሁም። ጎልማሳውን እየገፉ ወሰዱት፤ የአገሩ ልጆችም ከኩሬ የቀዱትን ውሃ ተሸክመው በጎኔ አለፉ። አስጎብኚዬ ክንዴን ይዘው አንድ ወንዝ አሻገሩኝ።

ከወዲያ ማዶ በሮቹ ሁሉ ወለል ብለው የተከፈቱ ታላቅ አዳራሽ ነበር። በውስጡም ስማቸው የተረሳ፣ ሠሪዎቻቸው የተዉአቸው፣ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል አሮጌ ኮምፒውተሮች ተደርድረው ያንጎራጉራሉ። የአንዱ ሽፋን ጠፍቶ ሰፌድ ተከድኖበታል፤ የሌላው የፊደል መጫኛ ወልቆ በወይራ እንጨት ተተክቷል። ገበሬው የዘር ወቅቱን፣ ነርሷ የክትባት ቀኗን፣ መነኩሲቷ የብራና ሥዕሏን በየፊናቸው ይሠሩባቸዋል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ጥርጣሬዬም እንደዚያው።

“እነዚህ ደካማ ማሽኖች ይህን ሁሉ እንዴት ቻሉት?” አልኩ።

“ወንፈል ያውቃሉ” አሉ ወይዘሮ ይታይሽ። “አዲስ ፕሮግራም መገንባት ለአንዱ ብቻውን ቢተው ይሰብረዋል። ስለዚህ ዛሬ ሁሉም ለአንዱ ይሠራሉ፤ ነገ እሱም ብድሩን ይመልሳል።”

“ሥርዓተ ክወናውንስ ማን ሸጠላቸው?”

“አልተሸጠም፤ እንደ ማኅበር ጽዋ ይዞራል። ጽዋ የተቀበለ በተራው ደግሶ ያሳልፍ የለ? ይህንንም የተቀበለ ሰው አንዲት ስሕተት አርሞ፣ እንዴት እንዳረማት አስረድቶ፣ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ይዞ የቀረ ያፍራል።”

ገና እያወሩልኝ፣ አንዱ ማሽን ጨስ አለና ድርግም ብሎ ጠፋ። አዳራሹም በአንድ ድምፅ “ማን አበላሸው?” አለ። ያ ጎልማሳ ትዝ ብሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

“እኔ!” አለ አንድ ሰው፣ እጁን ከፍ አድርጎ።

እልልታው አዳራሹን ሞላው። “እሰይ! ምን ነክተህ ነው? ና አሳየን!” እያሉ ከበቡት፤ እሱም ሳይፈራ ያደረገውን ሁሉ ዘረዘረ፤ አንዲት ሸማኔ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ አገኘችው፤ ወዲያውም ያው ዓይነት ማሽን ላላቸው ሩቅ አገሮች ሁሉ ወሬው ተላከ። ሰውየው ዞር ሲል አየሁት፤ አቶ ሽታሁን ነበሩ! ቁልፍ አልያዙም፤ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ከልባቸው ይስቃሉ። በእውኑ ዓለም ጥርሳቸውን አይቼ አላውቅም።

“ለካ እንዲህ መሳቅ ይችላሉ?” አልኩ ወደ አስጎብኚዬ ዞሬ።

“ማን ከለከላቸው? ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ዕቃ በስማቸው ተመዝግቦ፣ ከደመወዛቸው እንዳይቆረጥ ሲፈሩ ኖረዋል። አንድም ቀን ‘እኔ አብሬዎት እጠየቃለሁ’ ያላቸው የለም።”

ይህ ቃል ከሁሉም በላይ ቆጠቆጠኝ። ሽማግሌውን ስጠላቸው ነበር የኖርኩት። “ይህች አገር የት ናት?” አልኩ። “መንገዱን ንገሩኝና ልሂድ።”

“የትም አትሄድም። ያቺው ቅድም ያየሃት ናት፤ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ኃላፊነቱን ከወሰደ በኋላ” አሉና ካቻቢቴውን ከነጠላቸው ፈትተው መዳፌ ላይ አኖሩት። ክብደቱ እጄን ሲጫነው ነቃሁ።

ነግቶ ነበር። ፊቴን ታጥቤ በቀጥታ ወደ ስብሰባው ሄድኩ። ርእሰ መምህሩ አቶ ክንዴ “እንዲወገዱ የምትደግፉ” ሲሉ ሁሉም እጃቸውን አወጡ፤ እኔ ግን እጄን ጠረጴዛው ላይ እንዳኖርኩ ቀረሁ።

“መምህር አንለይ?”

“አልደግፍም። አንዱን ክፈቱልኝና ልሞክር።”

አቶ ሽታሁን ደንገጥ ብለው “ኧረ መምህር፣ ቢበላሽስ?” አሉ።

“ሞተዋል ተብለው ሊጣሉ ነው፤ ልንካቸው ስል ደግሞ ይበላሻሉ ይባላል። ሬሳ ይታመማል እንዴ? ከተበላሸም ከእርስዎ ጋር እኔም እጠየቃለሁ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ።”

አቶ ክንዴ ሳቁ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። “ምን ነካህ አንለይ፣ ሕልም አይተህ ነው እንዴ የመጣኸው?”

“አዎን፣ ሕልም አይቼ ነው” አልኩ ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አድርጌ። “ረጅም ስለሆነ በደንብ ተቀመጡ። አቶ ሽታሁን፣ እርስዎም አሉበት።”

“እኔ? ምን ሳደርግ?”

“ሲስቁ።”

ሽማግሌው የቁልፍ ዘለላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ “እስቲ ንገረን” አሉ።