ድርቤና የነመራ በቆሎ

ነመራ ማሳውን አርሶ በጨረሰ በሳምንቱ ሞተ። በስድስተኛው ወር፣ በቆሎው ሊደርስ ሲል፣ ወንድሙ ጨመዳ የመኝታ ቁርበቱን በብብቱ ሸጉጦ የሟቹ ሚስት ድርቤ ቤት ገባ። ነገሩ አዲስ አልነበረም። በጃንሆይ ዘመን፣ በጉቶ ጊዳ አካባቢ፣ ባል የሞተባትን ሴት የባሏ ወንድም ይወርሳታል፤ ዳላ ይሉታል። ከበሬውና ከማሳው ጋር አብራ ትቆጠራለች ማለት ነው። የሚገርመው ቁርበቱ ነው፤ ይገማል።

«አንተ ጨመዳ፣ ይሄን ምን ልታደርግበት ነው?»

«ልተኛበት ነዋ! የወንድሜ ቤት አይደል?»

«ወንድምህ እዚህ የለም። ያለው መቃብር ነው፤ ሄደህ እዚያ አንጥፈው።»

ከእጁ ነጥቃ አጥሩ ላይ ወረወረችው። ጎረቤት ሁሉ አየ። ድርቤ ነገር በጓዳ መጨረስ አትወድም።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ። በዕድሜ የሚበልጡት ኦቦ ዋቅወያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ትልቅ ነገር የሚመጣ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ግን አክታ ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወንድ የሌለው ማሳ የማን ነው?»

«የለፋበት ነዋ። ነመራ አረሰ፤ እኔ ዘራሁ፤ እኔ አረምኩ። ጨመዳም አንዳንዴ በአጠገቡ አልፏል።»

ጨመዳ ተነሳ፤ ጎትተው አስቀመጡት። ተማከሩና ፈረዱ። በማሳው ላይ ያለው በቆሎ የወንድ እጅ ሳይነካው ጎተራ ከገባ፣ ድርቤ በቤቷ ትኑር። ካልገባ ግን ወይ ጨመዳን ታግባ፣ ወይ ሲሬ ወዳለው አባቷ ቤት ትመለስ፤ ማሳውም በሬዎቹም ለጨመዳ ይሆናሉ። ሲፈርዱ ፈገግ ብለው ነበር። በቆሎ የሚጨርሰውን ዝንጀሮ አስበው ነው።

በቆሎ የሚጠበቀው ማማ ላይ ተወጥቶ ነው፤ የሚወጣውም ወንድ ነው። ድርቤ ቀሚሷን ሰብስባ በመቀነት ሸብ አደረገችና ወጣች። መጀመሪያ የወነጨፈችው ድንጋይ የገዛ በሬዋን መታ። በአራተኛው ቀን ግን ድንጋዩ ዝንጀሮ መታ፤ ዝንጀሮዎቹም ነገሩ ገባቸው።

ወደ ነቀምት ገበያ የሚያልፉ ወንዶች ከታች ሆነው ይለክፏታል።

«ድርቤ፣ ጢም ገና አላበቀልሽም?»

«ያንተን ስጠኛ! አንተ ምን ሠራህበት?»

ሴቶቹ ደግሞ ወንዝ ስትወርድ እንስራቸውን አንስተው ይሄዳሉ። ከስድቡ ይልቅ ይሄ አንጀቷን ቆረጠው።

በቆሎው ደረሰ። ደቦ ጠራች፤ ማንም አልመጣም። እሷ በታች በኩል ስትሰብር ዝንጀሮ በላይ በኩል ይሰብራል። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደራርቱ ቅርጫት ይዛ መጣች። ደራርቱ የጨመዳ ሚስት ናት።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለቻት ድርቤ።

«ልሰብር።»

«ባልሽስ ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። እኔ ጣውንት አልፈልግም፣ አንቺ እሱን አትፈልጊም። ከዚህ ወዲያ ምን የሚያነጋግር አለው? ያንን ጥግ ያዢ።»

ከቀትር በኋላ ሁለት ሴቶች ተጨመሩ። አንዷ የዋቅወያ ሚስት ነበሩ፤ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ መስበር ጀመሩ። ለአራት ሆነው በአምስት ቀን ጨረሱ። ሌሎቹ ሴቶች አልመጡም፤ ከሩቅ አዩ እንጂ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ዋቅወያ ጎተራውን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉት።

«ሲሶው የለም» አሉ። «ዝንጀሮ በልቶታል።»

«ነመራ ሲጠብቅ ግማሹን ይበላው ነበር» አለች ድርቤ። «ያኔ የመጣ ሽማግሌ አላየሁም።»

«የኔ ሚስት እዚህ ምን አገባት?» ብሎ ጨመዳ ጮኸ።

ዋቅወያ የራሳቸውን ሚስት አዩ። ሚስታቸው ከነጠላቸው ላይ የበቆሎ ፀጉር እየለቀሙ ነበር፤ ቀናም አላሉ። ሽማግሌው ይህን ጊዜ ጉሮሯቸውን አልጠረጉም።

«የተባለው ሆኗል። ትኑር» አሉና ሄዱ።

ክረምቱ ሲቃረብ ማሳው መታረስ ነበረበት። የሚያርስላት ሰው ለመነች፤ ጨመዳን ፈርቶ እሺ ያለ የለም። በሬዎቹን ራሷ ጠመደች። ሰው አጥር ለአጥር ቆሞ ያያል። የመጀመሪያው ትልም ጠማማ ወጣ፤ ሳቁ። ድርቤም ጠማማነቱን አየችው። በሬዎቹን መለሰችና ሁለተኛውን ጀመረች።