ማላኪ የሠራው ጣሪያ

«እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ፊንታን። እንዳንተ ያለ ልጅ ለማንም አይሰጥም» አለው የመንደሩ መካኒክ፣ እጁን በሁለት እጁ ጨብጦ። ፊንታን አመስግኖት ዓይኑን ወደ ሣጥኑ መለሰ። ሣጥኑ ሳሎኑ መሀል ክዳኑ ተነሥቶ ተቀምጧል። አባቱ ማላኪ የክት ሱፉን ለብሶ፣ መቁጠሪያ ጣቶቹ ላይ ተጠምጥሞለት ተኝቷል። ሰዉ ከበሩ ጀምሮ ተሰልፎ እየጨበጠ ይገባል፤ ለሟቹ ይጸልይና ሻይና ሳንድዊች ወዳለበት ወጥ ቤት ያልፋል። ኮሮና ጊዜ በዚህ በሊትሪም አውራጃ ውስጥ እንዲህ ያለ ለቅሶ አልነበረም፤ ሰው ጎረቤቱን የሸኘው መንገድ ዳር ተራርቆ ቆሞ ነው። ስለዚህ አሁን እጅ የጨበጠ ሁሉ ቶሎ አይለቅም።

ወሬው ሁሉ ስለ ጣሪያው ነው። ከሳሎኑ መስኮት በላይ፣ በውጭ በኩል፣ አንድ ሰው የሚያስጠልል ቆርቆሮ ተመቷል። ማላኪ በገዛ እጁ የሠራው ነው። ላሞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሚያፈስ በረት ኖረው ለልጁ ሲሆን አናጢ ሆነ ብሎ አንዱ አሾፈና ወጥ ቤት ያሉት ሳቁ። አንዲት ሴት ደግሞ ማላኪ ገበያ ላይ ያላትን አነሣች፤ ልጄ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ የማይደርስበት አገር የለም፣ በሽታ እንዳያስገባብኝ ብሎ ደጅ ቆሞ ነው የሚጠይቀኝ እያለ ላገኘው ሁሉ ይኩራራ ነበር። ፊንታን ይህን በሰማ ቁጥር እስከ ጆሮው ድረስ ይግላል። ሰዎቹ ሐዘኑ የበረታበት መስሏቸው ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል።

መጀመሪያ ላይ እውነት ነበር። መንገዱ ሁሉ ጭር ባለበት በዚያ ዘመን፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሽንት ቤት እንኳ የሚያስገባው እያጣ፣ ራሱን እየተጠራጠረ ነበር የሚመለሰው። የአባቱን ዳቦና ወተት መስኮቱ ላይ ያስቀምጥና ሁለት ሜትር ይርቃል። አባቱ መስኮቱን ከፍቶ ከውስጥ፣ እሱ ከደጅ፣ በየኩባያቸው ሻይ ይጠጣሉ። አባቱን ላለመግደል ሲል ዝናብ እያበሰበሰው ቆሟል፤ በዚያ አያፍርም።

የሚያሳፍረው የኋላው ነው። ክልከላው ተነሣ፤ ቤተ ክርስቲያኑም መጠጥ ቤቱም ተከፈተ። በዚያ ሰሞን ሲመጣ አባቱ መስኮቱን ትቶ በሩን ከፍቶ ጠበቀው፤ ጠረጴዛው ላይ ምሳ ለሁለት ቀርቧል። ፊንታን መኪናውን ጭኖ የሚያሻግረውን የመርከብ ሰዓት አሰበ። ያ ቤት ከገቡበት ቶሎ የሚያስወጣ አይደለም። እናቱ ከሞተች ወዲህ አባቱ ያወራውን መልሶ ያወራል፣ መሀል ላይ ዝም ይላል፣ ዝምታውም ይከብዳል። ፊንታን ሳያስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«አይ አባዬ፣ ከፈረንሳይ፣ ከካሌ ወደብ ነው የመጣሁት፤ ስንቱ ሲያስልብኝ ነው የከረመው። ይዤብህ ብገባስ?»

አባቱ ትንሽ አየው፤ ከዚያ በሩን ዘጋና መስኮቱን ከፈተ። በጣም ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱ ደግሞ ፊንታንን ጣመው። በሚቀጥለው ሲመጣም ያንኑ አለ፤ እየቆየ ማለቱም ቀረና በቀጥታ ወደ መስኮቱ መሄድ ጀመረ። ሁለት ክረምት እንዲሁ አለፈ። ሻዩን ቆሞ ሲጠጣ የመኪናውን ሞተር እንኳ አያጠፋም ነበር።

አመሻሹ ላይ አባ ሎርካን መጥተው የመቁጠሪያውን ጸሎት ከሰዉ ጋር አደረሱ። ሲጨርሱ ፊንታንን ወደ ጥግ ሳብ አድርገው፣ በነገው ቅዳሴ ላይ ስለ መስኮቱ እንደሚሰብኩ ነገሩት። በዚያ ክፉ ጊዜ ፍቅር ማለት መራቅ እንደነበር የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላገኙም። ፊንታን ሊናገር አፉን ከፈተ። ቄሱ ግን ወጥ ቤት ያለችው እህቱ ኑላ ይህን ስትሰማ እንዳለቀሰች ሲጨምሩለት መልሶ ዘጋው። ደስ ይበላት ብሎ ራሱን አታለለ።

አስከሬኑን ብቻውን ላለመተው ተራው የፊንታንና የጎረቤቷ የእማማ ዲምፕና ሆነ። ዲምፕና ከማላኪ ጋር አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ላም ስትወልድም ሰው ሲሞትም ቀድመው የሚደርሱ ሴት ናቸው። ሳሎኑ ባዶ እስኪሆን ጠብቀው ወንበራቸውን አስጠጉ።

«ነገ ቄሱ ሲሰብኩ ፊትህን ማየት አልፈልግም፣ ልጄ። ስለዚህ አሁን ልንገርህ» አሉት። «ያንን ቆርቆሮ ሲመታ መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ክልከላው እኮ ከተነሣ ቆየ፣ ለምን ትለፋለህ አልኩት።»

«ምን አለዎት?»

«"አውቃለሁ" አለኝ። "ዝናብ ሲሆን ቶሎ ይሄድብኛል፤ ካልበሰበሰ ትንሽ ይቆይ ይሆናል" አለኝ።»

ፊንታን የአባቱን ፊት አየ። አባቱ የተታለለ ሽማግሌ ነው ብሎ ሲያስብ ኖሯል፤ ያም መጥፎ ነበር፣ ግን የሚቻል ነበር። አባቱ ግን ሁሉን እያወቀ፣ ውሸቱን ያመነ መስሎ፣ አልፎም የልጁን ስም ለመጠበቅ በየገበያው ሲኩራራ ኖሯል። ፊንታን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። አባ ሎርካን ካፖርታቸውን እየለበሱ ነው። ኑላ ለነገ ዳቦ ላይ ቅቤ ትቀባለች።

«አባ፣ ያንን እንዳይሰብኩ» አለ። «መጀመሪያ ለሱ ብዬ ነበር የራቅኩት። ክልከላው ከተነሣ በኋላ ግን ለራሴ ነው። ስለምቸኩል ነው። ገብቼ መቀመጥ ሰልችቶኝ ነው።»

የኑላ ቢላዋ ቆመ። ኑላ በርሚንግሃም ነርስ ናት፤ በየምሽቱ አባቷ ጋ ትደውል ነበር፣ ዕረፍት ስታገኝም ባሕር ተሻግራ መጥታ እዚሁ ቤት ታድር ነበር።

«ወንድምሽ ይሳሳልኛል ነበር አባዬ የሚለኝ» አለች ቀና ሳትል። «ስልኩን ሊዘጋ ሲል ሁልጊዜ። እኔም አምኜ፣ ሆስፒታል ላሉት ሁሉ አውርቻለሁ።»

ቄሱ ታዲያ ነገ ምን ልበል አሉት።

«ልጁ ትንሽ እንዲቆይለት ብሎ ጣሪያ ሠራ ይበሉ።»

«ሰው ሁሉ ይሰማል፣ ፊንታን። ነገሩ ይገባዋል።»

«ይግባው።»

ኑላ ቅቤ መቀባቷን ቀጠለች።

ጠዋት ክዳኑ ተገጠመ። የቀብር አስፈጻሚው ተሸካሚዎቹን በቁመት ሊያሰልፍ ሲል ኑላ ከፊት እንደምትሸከም ተናገረች፤ የፊቱ የቤተሰብ ቦታ ነው፣ ቤተሰብ ማለት ደግሞ እነሱ ሁለቱ ናቸው። ሣጥኑ ትከሻ ላይ ሲወጣ፣ ጎን ለጎን የተጣመሩት ሁለት ሰዎች ከሥሩ ክንዳቸውን አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ጥለው ይያያዛሉ፤ ካልተያያዙ ሣጥኑ ይንሸራተታል። ፊንታን ክንዱን አንሥቶ ለማሳረፍ ፈራ። በኋላ ግን የኑላ እጅ ከወዲያ መጥቶ የኮቱን ትከሻ ጨምድዶ ያዘው። በቁጣ ይሁን በፍቅር ማወቅ አልቻለም፤ እሱም ክንዱን ጣል አደረገባት።

በሰዉ መሀል ወደ መንገዱ ወረዱ። ጥቂት እንደሄዱ የእህቱን ትንፋሽ ሰማ። እሱ ረጅም ነው፣ እሷ አጭር ናት፤ ሣጥኑ ወደ እሷ አዘንብሏል።

«ኧረ አባዬ በሙሉ እኔ ላይ ነው ያለው» አለች በዝግታ።

ፊንታን ጉልበቱን አጠፈ። ክብደቱ ቀስ ብሎ ወደ እሱ መጣና ትከሻው ላይ ተቀመጠ። መንደሩ በሙሉ በግራና በቀኝ ቆሞ እያየው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደውን መንገድ ሁሉ ጉልበቱን እንዳጠፈ ሄደ።