ሳጥኑ ያጠፋው ንቅሳት

በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ከመርሳ እስከ ግራና ፎቶ ማንሳት የሚችል ሰው እኔ ኢዘዲን ብቻ ነበርኩ። ይኼን ስናገር ጉራ ነው የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። ጦርነቱ ከእኛ ዘንድ ወጥቶ ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። መብራት የለም፣ ስልክ የለም። ከመናኸሪያው ጎን የነበሩት ሁለት ዲጂታል ፎቶ ቤቶች ኮምፒውተራቸውም ማተሚያቸውም ተጭኖ ሄዷል። እኔም ቤት ተገብቶ ነበር፤ የተወሰደው ግን ቴሌቪዥኔና ፍራሼ ነው። መደርደሪያ ላይ ያሉትን ሦስት ካሜራዎች አገላብጠው አይተው ትተዋቸዋል። ከመዘረፉ ይልቅ መናቁ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሦስቱን ላስተዋውቃችሁ። የመጀመሪያዋ ሠላሳ አምስት ሚሊ ሜትር ፊልም የምትጎርስ የጃፓን ካሜራ ናት። ቀላል ናት፣ ፈጣን ናት፣ ለሠርግ የሚያህላት የለም፤ ግን ቅምጥል ናት። ያለ ባትሪ ንክች አትልም። ፊልሟ ጠባብ ስለሆነ ማጉያ ማሽን ይፈልጋል፣ ማጉያው ደግሞ መብራት። በዚያ ወር ከጌጥ ያለፈ ጥቅም አልነበራትም። ሁለተኛዋ ባለ ሁለት ዓይን የሩሲያ ካሜራ ናት። ሰፊ ፊልም ነው የምትወስደው፤ ስድስት በስድስት፣ አሥራ ሁለት ፎቶ ብቻ። ባትሪ የሚባል ነገር አታውቅም። ከላይ ወደ ታች ስለሚታይባት ጎንበስ ብዬ ነው የማነሳው፤ ለፊት ጥራት ግን እንደ እሷ ያለ አልገጠመኝም። ችግሯ ፊልም ነው። ቤት ውስጥ የቀረኝ አንድ ጥቅል ነበር፤ ጊዜው ካለፈ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ለጥሩ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩት ነው።

ሦስተኛው ሳጥኑ ነው። ወልዲያ ካለ አናጢ ጋር ሆኜ ያሠራሁት የእንጨት ሳጥን፤ ከፊቱ ሌንስ፣ ከውስጡ ሁለት ሳህን ኬሚካል፣ ከጎኑ ክንዴን የማስገባበት የጨርቅ እጅጌ አለው። ፊልም አይፈልግም። በፎቶ ወረቀት አነሳበታለሁ፣ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ በዳበሳ አጥበዋለሁ፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። እሱን መልሼ ሳነሳው ትክክለኛው ሰው ይመጣል። በቃ፣ አሥር ደቂቃ ነው። ዲጂታሎቹ «የእንጨት ሬዲዮ» እያሉ ሲስቁበት ኖረዋል። በዚያ ሳምንት ግን መታወቂያው የተቃጠለበት ሁሉ እሱ ፊት ተሰለፈ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

እትዬ የሺ የመጡት ሐሙስ ጠዋት ነው። ሲሪንቃ አጠገብ የነበረው ቤታቸው ከነመታወቂያቸው ተቃጥሏል። ልጃቸው ሞላ ቆስሎ አዲስ አበባ ሆስፒታል መተኛቱን አንድ የአይሱዙ ሹፌር ነግሯቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም። ዓርብ ጠዋት ወደ ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ቦታ ተይዞላቸዋል። ያለ መታወቂያ ግን የመጀመሪያውን ኬላ አያልፉም፤ ቀበሌው ደግሞ ጊዜያዊ መታወቂያ የሚሰጠው ፎቶ ላመጣ ነው።

«ኢዘዲን፣ ቶሎ በልልኝ፤ ልጄ ዘንድ ልድረስ» አሉኝ።

እትዬ የሺ ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አንገታቸው ላይ ሦስት መስመር ንቅሳት አላቸው። ፎቶው ሲወጣ ሁለቱም የሉም። ምክንያቱን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። የፎቶ ወረቀት ሰማያዊ ቀለምን እንደ ብርሃን ስለሚቆጥረው፣ ሰማያዊ ንቅሳት ቆዳ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ንቅሳት ያለባት ሴት ከጦርነቱ ወዲያኛው ወገን ተጠርጥራ በየኬላው «ከየት ነሽ?» እየተባለች ከመኪና ትወርድ ነበር። ስለዚህ የሳጥኔን ጉድለት እንደ ሙያ ቆጠርኩት።

«እትዬ፣ ሃያ ዓመት ቀነስኩልዎት» አልኳቸው። «ግንባርዎን በሻሽ፣ አንገትዎን በነጠላ ሸፈን ያድርጉና ይሂዱ። ማንም ቃል አይናገርዎትም።»

ፎቶውን ከዓይናቸው አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት።

«ይቺ ማናት?»

«አንቱ ነዎት እንጂ!»

«እኔ አይደለሁም። ይኼን ያስነቀሰችኝ እናቴ ናት። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ሁለት ቀን በትኩሳት ተኝቼበታለሁ። አንተ በአንድ ቁራጭ ወረቀት ታጠፋዋለህ?»

«ለደኅንነትዎ ብዬ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ምን አጥፍቼ? ልጄ ቆስሎ ተኝቷል፤ እኔ እንደ ሌባ ተሸፋፍኜ ልግባለት?»

በሥራዬ ሲመጡብኝ ደሜ ይፈላል። «እንግዲያው በእስክሪብቶ ልሣልልዎት?» አልኩ፣ በሹፈት።

«የተነቀስኩት በእስክሪብቶ አይደለም» አሉና ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። አልሄዱም ግን። ደጄ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን ከአንገታቸው አውርደው፣ መንገዱን ያያሉ።

ወላሂ አፈርኩ። በዚያ ሳምንት ስንቷን ሴት «ሸፍኚው» ብዬ እንደላክኋት ትዝ አለኝ። ለእነሱ ሁሉ የሚበቃ ፊልም አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም ላወጣላቸው አስብ የነበረ አይመስለኝም። ለጥሩ ቀን ያልኩትን ጥቅል ከመደርደሪያው አወረድኩት።

«እትዬ፣ ይነሱ።»

ባለ ሁለት ዓይኗን አጎረስኳት። ፊልሙ እንደ ወረቀቱ አይደለም፣ ቀለሙን ሁሉ ያያል፤ ሌንሱ ፊት ብርቱካናማ መስታወት ሲጨመርበት ደግሞ ሰማያዊው ይጠቁራል፣ ቆዳው ይፈካል። ያረጀ ፊልም ስለማላምን ብርሃኑን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ አሥራ ሁለቱንም እሳቸው ላይ ጨረስኩ።

«ትንሽ ፈገግ ይበሉ» አልኳቸው።

«ልጄን ሳየው» አሉ።

ስድስቱ ጉም ለበሱ፣ አራቱ ደበዘዙ። ሁለቱ ግን ወጡ። ፊልሙ ሰፊ ስለሆነ ማጉያ አላስፈለገኝም። ኔጋቲቩን ወረቀት ላይ አስተኝቼ መስታወት ጫንኩበትና የጨለማ ክፍሉን በር ለጥቅሻ ያህል ከፍቼ ዘጋሁት። ወረቀቱ ኬሚካል ውስጥ ሲገባ፣ ከዓይናቸውም ከአፋቸውም በፊት መስቀሉ ብቅ አለ። ቀጥሎ የአንገታቸው ሦስት መስመር፣ አንድ በአንድ። እኔ የሐጂ ልጅ፣ መስቀል አይቼ በደስታ ጮኽኩ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንደዚያ ያለ ፊት አላነሳሁም።

ቀበሌ የደረስነው ቢሮው ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። ጸሐፊዋ ሜላት ፎቶውን አየች፣ ቀና ብላ እሳቸውን አየች።

«እማማ፣ ይኼ ኬላ ላይ እንዳያስቸግርዎት…» ብላ ጀመረች።

«ማኅተሙን ምቺው፣ ልጄ» አሏት። መታችው።

እትዬ የሺ የተመለሱት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከሚኒባሱ ወርደው በቀጥታ እኔ ዘንድ መጡ።

«ሁለት ቦታ አወረዱኝ» አሉ። «መታወቂያዬን ከፊቴ ጋር አስተያዩት፤ አንድ ነው። አንደኛው ‹ለምን አልሸፈኑትም?› አለኝ። ‹ለምን ብዬ?› አልኩት። አሳለፈኝ።»

«ፎቶውን አላደነቀም?» አልኩ። ምን ላድርግ፣ አመል ነው።

«ተወኝ ወንድሜ» አሉኝና ድምፃቸው ወረደ። የሞላ ግራ እግር ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል። እናቱ ከበር ሲገቡ ሲያይ ብርድ ልብሱን ስቦ ጎዶሎውን ሸፈነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ቤቱ፣ ስለ ከብቱ ቢያወሩትም እጁን ከብርድ ልብሱ አላነሳም። በመጨረሻ መታወቂያውን አውጥተው መዳፉ ላይ አኖሩለት። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ብርድ ልብሱን ራሱ ገለጠው።

ሞላ በመጋቢት አገሩ ገባ። አንድ ቀን ጠዋት በሁለት ክራንች ተደግፎ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ደጄ ላይ ቆመ፤ እናቱ ከኋላው ነበሩ። «ፎቶ» አለኝ። ፊልም ስለሌለኝ ሳጥኑን ወደ ደጅ አወጣሁ። ከወገቡ በላይ ብቻ እንዲገባ አድርጌ አስጠጋሁት፤ ጨዋነት መስሎኝ ነበር። ሞላ ሳጥኑ የቆመበትን ርቀት አየና ገባው።

«ጋሽ ኢዘዲን፣ ወደ ኋላ ይሂዱ» አለኝ።

ሳጥኑን ይዤ ሦስት እርምጃ ሄድኩ።

«አሁንም።»

ሄድኩ። ክራንቹን ለእናቱ ሰጠና በአንድ እጁ ግድግዳውን ይዞ ቀጥ ብሎ ቆመ። የሱሪው ግራ እግር ባዶውን ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

«አሁን ሁሉ ነገሬ ገባ?» አለ።

«ገባ» አልኩት።