ያልተቆረጡ ገጾች

አቶ ይሻው የድሮ የግጥም መጻሕፍት ይሰበስባሉ። የመጀመሪያ እትም ካልሆነ አይነኩም፤ የመጀመሪያ እትም ከሆነ ደግሞ ማንንም አያስነኩም። ሚስታቸው ፈንታነሽ ብርጭቆ ልትደረድርበት ባሠራችው ብፌ ውስጥ ዐሥራ አንዱ በላስቲክ ተጠቅልለው ተቆልፎባቸዋል። ብርጭቆዎቹ አልጋ ሥር ናቸው።

ከሁሉም ይልቅ የሚኮሩበት ከሐሙሲት ከተማው የመጽሐፍ ነጋዴ ከሙሳ የገዙት ነው። መጽሐፉን ለመግዛት የምትታለብ ላም ሸጠዋል። ማተሚያ ቤቱ የወረቀቱን ጠርዝ ሳይቆርጥ ስለ ለቀቀው፣ ገጾቹ እንደ ተያያዙ ናቸው፤ በቢላ ካልተከፈቱ አይነበቡም።

«ስድሳ ዓመት ሙሉ ማንም አላነበበውም!» ይላሉ ለእንግዳ።

«እርስዎስ?»

«ምን ቆርጦኝ!»

በሰኔ ሐሞታቸው ውስጥ ጠጠር ተገኘና ባሕር ዳር ሄደው ኦፕራሲዮን እንዲሆኑ ቀጠሮ ተያዘላቸው። ፈንታነሽ ጠንቃቃ ሴት ናት። ጋቢያቸውን አጠበች፣ ስንቅ ቋጠረች፣ ምናልባት ክፉ ከመጣም ብላ አልቃሿን እትዬ ትርንጎን አስጠራች። ትርንጎ በልቅሶ ላይ የሟቹን ሥራና ንብረት በግጥም ሲጠሩ፣ የሰማ ሁሉ እስከ ልጅ ልጅ ይደግመዋል።

አቶ ይሻው መኝታ ቤት ተኝተው ሳለ፣ ትርንጎ ሳሎን ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲሞክሩ ሰሟቸው፦

«ዐሥራ አንድ መጽሐፍ ቆልፎባቸው ኖረ፣
ምን ይላሉ ቢሉት ሳያውቅ ተቀበረ።»

ጠጠሩን ረስተው ብድግ ብለው ወደ ሳሎን ወጡ።

«እትዬ ትርንጎ! ይኸን በሕዝብ ፊት ሊሉት ነው?»

«ታዲያ ምን ልበል ልጄ? ጠመንጃ የለህ፣ በቅሎ የለህ። ላሚቱንም ሸጥሃት።»

«ግጥም ወዳድ ነበር ይበሉኛ!»

«ሰው የሚወደውን ያውቀዋል። ምን ይላል መጽሐፍህ?»

አቶ ይሻው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተከናነቡ።

«በል ላሚቱን ከሸጥህለት መጽሐፍ አንዱን አሰማኝና እለውጠዋለሁ። ካላሰማኸኝ ያየሁትን እላለሁ።»

አቶ ይሻው ብፌውን አዩ። ገጹ ከተከፈተ የመጽሐፉ ዋጋ ወደቀ፤ ካልተከፈተ ከደብረ ታቦር እስከ ገሳይ መሣቂያ መሆናቸው ነው።

«ቢላ አምጪ» አሉ።

ፈንታነሽ የሽንኩርቱን ቢላ አመጣች። አቶ ይሻው መጽሐፉን ከብፌው አውጥተው፣ እሳቸው ራሳቸው ኦፕራሲዮን የሚሆኑ ይመስል ዐይናቸውን ጨፍነው ቆረጡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው የመጀመሪያውን ግጥም እስከ መጨረሻው አነበቡ።

ትርንጎ አገጫቸውን ያዙ።

«ቆልፈህ ያኖርኸው ይኸንን ነው?»

«አዎ።»

«ደግ አድርገሃል።»

ፈንታነሽ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። የአቶ ይሻው ፊት በርበሬ መሰለ።

«እሱ መግቢያው ነው እንጂ! ይቆዩ፣ ሁለተኛውን ይስሙ!» ብለው እንደገና ቆረጡ።

ሁለተኛውን ትርንጎ «ነፍስ የለውም» አሉት። አቶ ይሻው ተናደዱና ሦስተኛውንም አራተኛውንም ቆረጡ። የወረቀቱ ብናኝ ጋቢያቸው ላይ ይረግፋል። አምስተኛው ላይ ትርንጎ እጃቸውን አነሡ።

«እስቲ ድገመው።»

ደገሙት። ትርንጎ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እንግዲህ ልቅሶዬን ለወጡልኝ?» አሉ አቶ ይሻው።

«ልቅሶህ የት ይሄዳል? ቀጥለህ አንብብ!»