የፈጣሪ ስም የተዘለለበት ሳንቲም

አቶ ገብረየስ የግራ ዓይናቸው ሞራ በተገፈፈ በሁለተኛው ሳምንት ልጃቸውን ቤዛዊትን አስቸኩለው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ድረስ አስነዷት። እዚያ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የድሮ ሳንቲም ገበያ ነበር። የእንግሊዝ ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመሩ ቆይተዋል። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ግን በጣታቸው ነበር የሚለዩት፤ አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለውን ባለ ሦስት ፔኒ በጠርዙ፣ የጋሪ ጎማ እያሉ የሚጠሩትን ወፍራም የመዳብ ፔኒ በክብደቱ። ጽሑፉን ማንበብ ቀርቶባቸው ነበር።

«አባባ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ። ዶክተሩ ቴክ ኢት ኢዚ ብሎዎታል» አለች ቤዛዊት ከኋላ እየተከተለች።

«የታከምኩት ዓይኔን ነው፤ እግሬ ደህና ነው።»

አንድ ጠረጴዛ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ከትሪው ላይ አንድ የብር ሳንቲም አነሱ። ዘውድ የደፋች ንግሥት አለችበት። ዙሪያዋን ያለውን ፊደል በዓይናቸው ተከትለው ጨረሱ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ያዙ።

«ቤዚ፣ እስቲ አንቺም አንብቢው።»

«ቪክቶሪያ ሬጂና፣ 1849። በቃ።»

«እሱን ነው የምልሽ፤ ‹ንግሥት ቪክቶሪያ› ብቻ። በሌላው ላይ ‹በእግዚአብሔር ጸጋ› የሚል አለ፤ እዚህ ላይ ዘለሉት። ሕዝቡ ተቆጣ። ኮሌራ ሲገባ በዚህ ሳንቲም ያሳበቡም ነበሩ። ከዚያ ቀየሩት። ስንት ዘመን ፈለግኩት መሰለሽ።»

ይኼኔ አጠገባቸው የቆሙ ረጅም ፈረንጅ ሽማግሌ በትሕትና «ይቅርታ፣ እሱን እኔ ልገዛው ለይቼው ነበር» አሉ። ሻጩም እውነት ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ቤዛዊት ስለ አባቷ ዓይን ልታስረዳ ስትጀምር አቶ ገብረየስ ክንዷን ያዝ አደረጓት። «ተይ፣ በዓይኔ አልለምንም» አሏት በአማርኛ። ሳንቲሙን እያሳሳቸው ለሰውየው ዘረጉ።

ሰውየው አልተቀበሏቸውም። «ያለ ማጉያ መነጽር ነው ያነበቡት?» ሲሉ ጠየቁ።

«አዎ። ሞራውን ካስወጣሁ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው።»

«እኔ በማጉያውም አይታየኝም፤ ሻጩ ነው ያነበበልኝ። ቀዶ ጥገናውን ፈርቼ ዓመት አለፈኝ። ያምማል?»

«ቁንጥጫ አያህልም።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና የአቶ ገብረየስን መዳፍ በሳንቲሙ ላይ አጠፉት። «እርስዎ ይግዙት። የሐኪምዎን ስልክ ቁጥር ግን ይስጡኝ።»

ቤዛዊት ቁጥሩን ሰጠቻቸው። አቶ ገብረየስ ደስታቸው አላስቀምጥ ስላላቸው፣ ሰውየውን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እያዞሩ ትንንሹን ፊደል ሁሉ ያነቡላቸው ገቡ፤ እሷም ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።